ከለገዳዲ ማጣሪያ የሚያመልጠው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፋብሪካዎች የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ናት።

የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ከተሠራ ጀምሮ አዲስ አበባ ስትጠጣው ኖራለች። ማጣሪያው ጭቃውን በአሉሚኒየም ሰልፌት ያዘቅጣል፣ ጀርሙን በክሎሪን ይገድላል። ያኔ የሚፈራው ድፍርስና ተስቦ ነበር። ውሃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ግን በዚህ መንገድ አይያዝም።

አንዱ ፒፋስ የሚባለው ነው። ጨርቅና ቆዳ ውሃና ቅባት እንዳይዘው ይቀባል። ስለማይበሰብስ ፈረንጆቹ “ዘላለማዊ ኬሚካል” ይሉታል።

በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ሮክፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወልቨሪን የተባለ ድርጅት የቆዳ ፋብሪካ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የጫማ ቆዳውን ስኮችጋርድ በሚባል መከላከያ ይቀባ ነበር። ዝቃጩን ሜዳ ላይ ደፋው፤ የሚጠይቀው አልነበረም። ፋብሪካው በ2009 ተዘጋ። በ2017 የሰፈሩ ሰው የጉድጓድ ውሃው መበከሉን ሰማ። በ2020 ድርጅቱ የቧንቧ ውሃ ለማስገባት 69.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ፋብሪካው የለም፣ ዕዳው ግን አለ።

የኛም አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ነው። ከሰበታና ከቡራዩ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ ከሱሉልታ የሚወርደው ወደ ሙገርና አባይ ይሄዳል። ለገዳዲን የሚያክል ማጣሪያ ካልቻለው፣ ከወንዙ በጀሪካን የሚቀዳው ገበሬ ምን ይሁን?

ፋብሪካዎቻችሁ ይጠቀሙበታል እያልኩ አይደለም። ግን እወቁት። መጋዘን ግቡና የየበርሜሉን የኬሚካል መረጃ ወረቀት አንብቡ። አቅራቢውን “ፒፋስ አለበት ወይ?” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ገዢው ውሃ የማያስገባ ዕቃ ካላዘዘ አትቀቡት፤ ካዘዘ ፒፋስ የሌለበት አማራጭ ፈልጉ። ግድ ከሆነም የዚያን ክፍል ፍሳሽ ከሌላው አትቀላቅሉ። ጥቂትና ያልተበረዘ ፍሳሽ በልዩ ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ ወንዝ ከገባ በኋላ ግን ማን ይለቅመዋል? ዝቃጩንም ለማሳ ማዳበሪያ እንዳትሰጡ።

አባቶቻችን “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የምትሠሩበትን ሳትጠቅሱ ያያችሁትን አካፍሉን እስቲ።