ደንቆሮ

ቃሉ ጆሮው የማይሰማውንም ያልተማረውንም በአንድነት ይሰድባል፤ «ድንቁርና» ጭራሹን አለማወቅ ሆኗል። ይህ በደል ነው። «መስማት የተሳነው» ማለት ተገቢ ነው፤ ሆኖም እክሉ የት እንዳለ አይነግረንም። ያን የሚለየው ምርመራ ነው።

በኦዲዮሜትሪ፣ ማለትም በመስማት ልኬት፣ ድምፅ በሁለት መንገድ ይላካል፤ በማዳመጫ በኩል በአየር፣ ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ በምትቀመጥ ነዛሪ መሣሪያ ደግሞ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ። ባሕር ዳር ላይ ጆሮው ደጋግሞ የሚመግል ልጅ በማዳመጫው እምብዛም ሳይሰማ በአጥንቱ በኩል ደህና ከሰማ፣ ድምፁ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፦ ኩክ፣ ፈሳሽ ወይም የተቀደደ ታምቡር። ይህ ብዙ ጊዜ ይታከማል። ዕድሜውን ወፍጮ ቤት የፈጀ ሰው ወይም ከማጅራት ገትር የተረፈ ሕፃን ግን መስማቱ በሁለቱም መንገድ እኩል ሊቀንስበት ይችላል፤ ጉዳቱ ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ላይ ነው። ሁለቱን ያጣመረ፣ ድብልቅ የሚባልም አለ።

መሣሪያው በሌለበት ባለሙያው በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚነዝር ሹካ መሳይ ብረት ከጆሮ ጀርባ ያስነካል፤ ከዚያ ወደ ጆሮ ደጃፍ አዙሮ የትኛው ጎልቶ እንደተሰማ ይጠይቃል። ጤነኛ ጆሮ «የደጃፉ» ይላል።

ታምቡሩ የተቀደደ ልጅ እስኪድን ጣና ውስጥ ባይዋኝ ይሻላል።