የድመት ቁንጫ
ድመትን፣ ውሻንና ሰውን የሚነክስ ክንፍ የለሽ ደም መጣጭ ተባይ። ከደሴ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ኩታበርና በመሰል የወሎ ደጋዎች፣ ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ማጥፋቱ ይከብዳል፤ እንቁላሉ ከድመቷ ጸጉር ረግፎ አቧራ ውስጥ፣ መደብ ሥርና ከቁርበት በታች ይፈለፈላል። እጩ ድር ሠርቶ ከተሸፈነ በኋላ ለወራት ያደፍጥና ኮቴና የገላ ሙቀት ሲሰማው ይወጣል፤ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተ ቤት በቁንጫ የሚወረረው ለዚህ ነው። ድመቷን ብቻ ማጠብ ከንቱ ድካም ነው። ለሳምንታት ወለሉን መጥረግ፣ ጥራጊውን ማቃጠል፣ ስንጥቁን መድፈን፣ የመኝታ ልብሱን በፈላ ውሃ ማጠብ ይገባል። ለድመቷ ፊፕሮኒል የተባለ ፀረ ቁንጫ መድኃኒት ይሆናል፤ ለከብት ወይም ለውሻ የተዘጋጀ ፐርሜትሪን ግን ሊገድላት ይችላል። ቁንጫ የዋጠች ድመት፣ አልፎ አልፎም ሕፃን፣ ከኮሶ ጋር የሚዛመድ የአንጀት ትል ሊይዛቸው ይችላል።