ጉዱማሌ፤ ከሀዋሳ ከተማ የሚቀድም የአደባባይ ሥርዓት

የከተማ አደባባይ ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሐውልት የቆመበት፤ መንገዶችም ከየአቅጣጫው የሚገናኙበት ሥፍራ ነው። በአዲስ አበባ፤ በአራት ኪሎ የሚገኘው የሚያዝያ 27 አደባባይ እንዲህ ያለ ነው። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ጉዱማሌ ግን ክብሩን ያገኘው በዚያ ከሚሰበሰበው ሕዝብና ከሚፈጸመው ሥርዓት ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንመልከት። ጉዱማሌ የአንድ ቦታ መጠሪያ ብቻ አይደለም። በሲዳማ ምድር ማንም «የግሌ ነው» የማይለው፤ ዛፍ ያለበት የጋራ መስክ ጉዱማሌ ይባላል። ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፤ ጎሣው በዓሉን ያከብርበታል። ስለዚህ ሥርዓቱ በገጠር የተወለደና ወደ ከተማ የገባ ነው።

ከተማው በአንጻሩ ወጣት ነው። ቀድሞ አዳሬ ይባል በነበረው ሥፍራ ሀዋሳ የተቆረቆረው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማው ከይርጋለም ተረክቦ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነ፤ ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብም ሰፈረበት። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫም ይኸው ከተማ ነው።

የጉዱማሌ ታላቁ ቀን የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፊቼ ጨምበላላ በዓል ነው። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። አያንቶ የሚባሉት ሊቃውንት የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ይወስናሉ፤ ለየጎሣውም ይነገራል። በዋዜማው ቤተሰብ ሁሉ ሁሉቃ በሚባለው የለምለም እንጨት ቅስት ሥር ያልፋል፤ ከእንሰት፤ ከቅቤና ከወተት የሚሰናዳውን ቡርሳሜም በአንድነት ይበላል። በማግሥቱ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በጉዱማሌም የየጎሣው ሰው እየተቀባበለ ቄጣላ ይጨፍራል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋራ ተመዝግቧል።

በዚሁ በዓል የጎሣ መሪዎች ለሕዝቡ ምክር ይሰጣሉ። ምክሩም በሥራ መትጋትን፤ ሽማግሌ ማክበርን፤ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት መራቅን፤ አገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥንም ይጨምራል። እንግዲህ አደባባዩ የጭፈራ ሜዳ ብቻ ሳይሆን፤ ሕግ በቃል የሚታወጅበት ሸንጎም ነው ማለት ይቻላል።

በዓል በሌለበት ቀን የሚመጣ ጎብኚም ባዶውን አይመለስም። የዛፉ ጥላ፤ የሐይቁ ነፋስ፤ በቅርንጫፍ የሚዘሉት ጦጣዎች ያስደስቱታል። በዚያው በሐይቁ ዳርቻ ባለው አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ያመጡትን ሲያራግፉ፤ አባ ኮዳዎችም የተጣለውን ለመሻማት ዙሪያውን ከበው ሲጠብቁ ያያል።

ነገር ግን ከተማ ሲያድግ የሐይቅ ዳር መሬት ዋጋው ይወደዳል፤ ክፍት ሜዳም ለሚያይ ሁሉ ሥራ የፈታ ቦታ ይመስላል። ሐውልት ያለው አደባባይ ቢያንስ ድንጋዩ ይመሰክርለታል። ጉዱማሌ ግን ሜዳው ከጠበበና ዛፉ ከወደቀ፤ ምስክሩ የሽማግሌዎች ቃል ብቻ ይሆናል። ያም ቃል ቢሆን ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር የሚወርድ ነው። ስለዚህ ከእኛ ከተማሪዎች ሁለት ነገር ይጠበቃል፤ አንደኛው ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ሄዶ ታሪኩን ጠይቆ መጻፍ፤ ሁለተኛውም ክፍት የሆነ የጋራ መስክ ባዶ መሬት አለመሆኑን ማስረዳት ነው። በዚያ መስክ ላይ የሚታወጀው ምክር ዛፍ አትቁረጡ የሚል ከሆነ፤ ቃሉ መጀመሪያ ሊከበር የሚገባው በራሱ በጉዱማሌ ነው።