የማጂ ገበያና የባሕር ማዶ ነጋዴ

ከኦሞ ቆላ በላይ ከፍ ብሎ በተዘረጋው በምድረ ማጂ፣ በዲዚ ሕዝብ ደጋ፣ የባሕር ማዶ ሰው ፍላጎት በአገር ገበያ ላይ ሲሠለጥን ያሁኑ ዘመን የመጀመሪያው አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ፣ የአውሮፓና የእስያ ባለጸጎች የሚሹት የዝሆን ጥርስ ከቆላው እየተሰበሰበ ወደ ማጂ ከተማ ይወጣ፣ ከዚያም በነጋዴ ቅፍለት ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር፤ ጠመንጃው ዝሆኑን ይገድላል፣ ጥርሱም ተሽጦ ሌላ ጠመንጃ ያመጣል፣ በዚህም መካከል፣ ለአንደበት የሚከብድ ነገር ቢሆንም፣ የዲዚና የጎረቤቶቹ ልጅ ከእናቱ እቅፍ እየተነጠቀ እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። እንግሊዝ በ1910ዎቹ ዓ.ም. በማጂ ቆንስል ስታስቀምጥ ዋና ጉዳይዋ ይኸው ንግድና የወሰኑ ጠብ ነበር። ባርነትን የሻረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ሲወጣ የዲዚ ሕዝብ እጅግ ተመናምኖ ነበር።

በሰሜን በኩል ደግሞ፣ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ስለ ተፈቀደ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ጨውና ጨርቅ አራግፎ የኢሉባቦርን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም በዚያ ከትመው ይነግዱ ነበር። ዋጋው የሚቆረጠው ግን ቡናውን የለቀመው ገበሬ በሌለበት ነበር።

የውጭ ነጋዴ ሁሉ አንድ አልነበረም። «አረብ ቤት» የሚባለው የየመኖቹ ሱቅ ስኳሩንና ሻዩን በሳንቲም እየለካ ለድኻው ይሸጥ፣ በዱቤም ይሰጥ ነበርና በመልካም ሊታወስ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ የባሕር ማዶ ነጋዴ በአዲስ መልክ እየመጣ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ለአገር ተወላጅ ተከልሎ የኖረውን የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት በመመሪያ ከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ ታላቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ሚድሮክ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋውሏል። የተጣራ ሚዛንና ንጹሕ ዕቃ ለከተሜው መምጣቱን አልቃወምም። የምሠጋው ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና ለማጂ ገበሬ ነው፤ ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው በሩቅ ከተማ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ዋጋውን ዛሬም ሌላ ሰው ብቻ ይቆርጠው ይሆን? እንግዲህ ውል የምትዋዋሉና ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንት ሆይ፣ የገበሬው ማኅበር ዋጋ በሚቆረጥበት ጉባኤ እንዲቀመጥ በውሉ ላይ ጻፉለት።