ማርትሬዛ በባቲ ገበያ

ስሙኝማ፣ ወገኖቼ! የባቲን ሰኞ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይጠብቀዋል። የዛሬው ወጌ በዚህ ገበያ ሲመነዘር ስለኖረው ጠገራ፣ ስለ ማርትሬዛ ነው።

ብሩ የተሰየመባት ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። አባቷ በ1740 እ.ኤ.አ. ሲሞት ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ሴትነቷን ሰበብ ያደረጉ ነገሥታት ዙፋኗን ተሻሙ፤ የፕሩሲያው ፍሬድሪክም ሲሌዢያን ነጠቃት። ጦርነቱ ስምንት ዓመት ፈጀ። ሲሌዢያ አልተመለሰችም፤ አልጋዋ ግን ጸና። በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሯ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ።

ብሩን እስቲ ያዙት! 28 ግራም ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ሻጩ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አተኩሮ ያይ ነበር፤ ዘጠኙ ዕንቁ ካልተለዩ፣ ፊቷ ካለቀ፣ አልቀበልም ይል ነበር። ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን፣ በራሳቸው መልክ የተሠራ ብር ፓሪስ አሳትመው፣ ክብደቱንም ከእሷ ጋር አስተካክለው ነበር። ሕዝቡ ግን የለመዳትን አልተወም።

ወሎን የሚያንገበግበው ግን የኢያሱ ነገር ነው። የምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ዘውድ ሳይጭኑ፣ በመልካቸው አንድ ብር እንኳ ሳይታተም፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። አባት ስለ ልጃቸው ከደሴ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ያ ቀን ስንቱን የወሎ ቤት ኦና አደረገው! ኢያሱ ወደ አፋር በረሃ ገቡ፤ ሲንከራተቱ ኖረው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። ለዘመናቸው መታሰቢያ የሚሆን ብር የለንም፤ በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ሕዝቡ የሚገበያየው በዚያችው በባዕዷ ንግሥት ብር ነበር።

ኋላም ሙሶሊኒ ሊወረን ሲነሣ ይህንኑ ብር ሮም ላይ አሳተመ። ማርትሬዛ ከገበያ መውጣት የጀመረው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገንዘብ በአዋጅ ሲወጣ ነው። ብዙው አንጥረኛ እጅ ገብቶ ቀለጠ፤ የቀረው በእናቶቻችን አንገት ላይ ድሪ ሆነ። እባካችሁ፣ ከአያታችሁ የወረሳችሁት ካለ አታስቀልጡት። ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ የሚያውቁት አዛውንት ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉት።