ሆርሞኖች ዓሣን ከውኃ ጨዋማነት ለውጥ ጋር የሚያላምዱት እንዴት ነው?

በውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ውኃ ያጥረዋል ማለት እንግዳ ቢመስልም፣ የባሕር ዓሦች ዘወትር የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። የአብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ደም ጨዋማነት ግን የዚህ ሲሶ ገደማ ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ውኃ በስንጥብ በኩል ከሰውነታቸው ይወጣል፤ ጨውም ወደ ውስጥ ይገባል። በወንዝና በሐይቅ በሚኖሩት ዓሦች ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውኃ ይገባል፣ ጨው ይወጣል።

የባሕር ዓሣ የጎደለውን ለመተካት የባሕር ውኃ ይጠጣል። ከዚህ ጋር የገባውን ሶዲየምና ክሎራይድ በስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት መልሰው ያስወጣሉ፤ ማግኒዚየምና ሰልፌት በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ይወገዳሉ። እነዚህ ሕዋሳት እንደ ውኃው ጠባይ ሥራቸውን እንዲለውጡ የሚያዝዙት ሆርሞኖች ናቸው።

ኮርቲሶል በስንጥብ ላይ ያሉትን ጨው አስወጪ ሕዋሳትና በውስጣቸው ያለውን የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ያጠናክራል። የዕድገት ሆርሞንም በዚህ ተግባር ያግዘዋል። ዓሣው ወደ ጨዋማ ውኃ ሲገባ አንጂዮቴንሲን የተባለው ሆርሞን እንዲጠጣ ያነሣሣዋል።

ፕሮላክቲን በአንጻሩ ጨው በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። ተመራማሪዋ ግሬስ ፒክፎርድና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ይህንን በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ በሚኖር ኪሊፊሽ በተባለ ትንሽ ዓሣ ላይ አሳይተዋል። ፒቱታሪ ዕጢው የወጣለት ኪሊፊሽ በባሕር ውኃ ውስጥ መኖር ሲችል ጨው አልባ በሆነ ውኃ ግን ይሞታል፤ ፕሮላክቲን ሲሰጠው ግን በሕይወት ይቆያል።

የሳልሞን ዓሣ ሕይወት ለዚህ ሥርዓት ጥሩ ማሳያ ነው። በወንዝ የተፈለፈለው ጫጩት ወደ ባሕር ከመውረዱ አስቀድሞ፣ በጸደይ ወራት የቀኑ ርዝመት ሲጨምር የዕድገት ሆርሞንና ኮርቲሶል በደሙ ውስጥ ከፍ ይላሉ፤ ስንጥቡም ለጨዋማው ውኃ ይዘጋጃል። ይህ ዝግጅት ሳይጠናቀቅ ወደ ባሕር የተዛወረ ዓሣ ውኃ ከሰውነቱ እያለቀ፣ ጨው በደሙ እየበዛ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሳልሞን አርቢዎች ዓሦቹን ከማዛወራቸው በፊት የስንጥባቸውን ዝግጁነት ይመረምራሉ።

ጉዳዩ የባሕር በር ለሌላቸው አገሮችም ይጠቅማል። በአገራችን ቆሮሶ በመባል የሚታወቀው የአባይ ቲላፒያ የተወሰነ ጨዋማነትን ይቋቋማል፤ ሆኖም የስንጥቡ ሕዋሳት ራሳቸውን ለማደስ ቀናት ያስፈልጓቸዋል። በመሆኑም ዓሣን የተለየ ጨዋማነት ወዳለው ኩሬ ወይም ሐይቅ የሚያዛውር ማንኛውም አርቢ በቅድሚያ የሁለቱን ውኃዎች ጨዋማነት ሊለካ፣ ልዩነቱም ከፍተኛ ከሆነ ለውጡን ደረጃ በደረጃ ሊያከናውን ይገባል።