ቆራጣ፥ ራሳምና ደራሲው

ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳርቻ የሚወርድ መንገደኛ የሚደርስባት ቆራጣ፥ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የዐፄ ሱስንዮስን ካቶሊካዊ ሃይማኖት የተቃወመችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የምትዘከርባት ጥንታዊት ደብር ስትሆን፥ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሆርሙዝ ራሳምን ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1858 ዓ.ም. በክብር ያሳረፉት በዚችው ስፍራ ነበር። ራሳም ሊያስፈታቸው የመጣላቸው፥ ከመቅደላ የተፈቱት አውሮፓውያን እስረኞችም በመጋቢት እዚሁ ተቀላቀሉት፤ ዳሩ ግን ያሰናበታቸው የንጉሡ እጅ በሚያዝያ መልሶ ያዛቸው።

ከዚህ ዘመን መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1958 ዓ.ም.፥ የጎንደር ተወላጅ የሆነው ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ለንባብ አበቃ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሡን ትእዛዝ መዝግቦ ሲያልፍ፥ ትእዛዙ የወጣበትን ልብ መመርመር ለደራሲ የተተወ ዕዳ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የንጉሡን ሠራዊት የቀለበው ባላገር በታሪክም በልብ ወለድም ገና ድርሻውን አላገኘም።

ስለ ባላገሩ የሚጽፍ ቢገኝ፥ በዚሁ በጣና ዳርቻ ያለው፥ ዛሬ በሩዝ ማሳው የሚታወቀው የፎገራ ሜዳ በዚያ ዘመን በስሙ የሚጠሩት ላሞች የሚሰማሩበት ግጦሽ እንደ ነበረና ሩዝ የገባው ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ሆነ ይወቅ፤ አለዚያ የፎገራዋ ከተማ የወረታ ሽማግሌዎች መጽሐፉን በመጀመሪያው ምዕራፍ ያጥፉታል።